የዋንዛ ቡፌ ገበያ፦ ከጉደር እስከ ምናለሽ ተራ

በምዕራብ ሸዋ ከተሞች፣ በተለይም በጉደርና በአምቦ፣ በቆየ ቤት ሳሎን ውስጥ ከግድግዳ ተጠግቶ የሚቆመው ትልቁ የእንጨት ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ ቡፌ ነው። ቡፌ ከታች በመዝጊያ የሚዘጋ ሣጥን፣ ከመካከል ሁለት ወይም ሦስት መሳቢያ፣ ከላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ተንሸራታች መስታወት ያለው መደርደሪያ ኖሮት ብርጭቆ፣ ሲኒ፣ ሳህንና የእንግዳ ዕቃ የሚቀመጥበት ሲሆን፣ ከቁም ሣጥን የሚለየው ልብስ ስለማይሰቀልበት፣ ከኮመዲኖ የሚለየው ደግሞ ስፍራው መኝታ ቤት ሳይሆን እንግዳ መቀበያ በመሆኑ ነው። እዚህ የሚነገረው በሙሉ ጣውላ ስለተሠሩ የቆዩ ቡፌዎችና መሰል ማስቀመጫዎች ነው፤ እነዚህ ዕቃዎች ከየቤቱ እየወጡ በአሮጌ ዕቃ ዋጋ ሲሸጡ ይታያል፣ የተሠሩበት እንጨት ግን በአዲስነቱ እንደ ልብ የማይገኝ፣ ቢገኝም ከየት እንደመጣ የሚያጠያይቅ ሆኗል።

ከመሳቢያና ከመደርደሪያ በፊት የነበረው የቤት ዕቃ አቀማመጥ ሌላ ነበር፤ እህል በጎታ፣ ጌጥ በሙዳይ፣ ስንቅ በአገልግል፣ ልብስም በሣጥን ወይም በግድግዳ ላይ በተተከለ ማንጠልጠያ ይቀመጥ ነበር። ቆሞ በር የሚከፈትለት ማስቀመጫ የተስፋፋው ከከተማ ኑሮ ጋር ሲሆን፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ባቡር የአውሮፓን ዕቃ፣ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የመጡት የአርመን፣ የግሪክ፣ የህንድና የጣልያን ባለሙያዎች ደግሞ የአሠራሩን ጥበብ ወደ ዋና ከተማው አመጡ። ዕቃው ወደ ምዕራብ የዘለቀው በነቀምት መንገድ ነው። አምቦ የማዕድን ውኃ ከተማና የአስተዳደር ማእከል ከመሆኗም በላይ፣ የዛሬው አምቦ ዩኒቨርሲቲ መነሻ የሆነው የእርሻ ትምህርት ቤት በ1939 ዓ.ም. ስለተከፈተባት፣ ደመወዝተኛው መምህርና የቢሮ ሠራተኛ ቤቱን የሚያደራጅበት ዕቃ ይፈልግ ነበር፤ አናጺውም ቅርጹን ከአዲስ አበባ እያየ፣ እንጨቱን ግን ከአካባቢው እየወሰደ ይሠራ ነበር።

እንጨቱን መለየት የገዢው የመጀመሪያ ዕውቀት ነው። ዋንዛ፣ በኦሮምኛ ዋዴሳ የሚባለው፣ በምዕራብ ሸዋ በእርሻ መካከል ለጥላ ተብሎ የሚተው፣ ነጭ አበባና ቢጫ ጣፋጭ ፍሬ ያለው ዛፍ ሲሆን፣ የውስጥ እንጨቱ ሲጋዝ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ሆኖ ከዓመታት በኋላ ወደ ቀይ ቡናማ ይጠቁራል፤ ለመላጊያ ይታዘዛል፣ ክብደቱ መካከለኛ ነው፣ ከደረቀ በኋላም ብዙ አይጣመምም። ለከበሮ፣ ለቀፎና ለሙቀጫ የተመረጠውም በዚሁ ጠባዩ ነው። ዝግባ፣ በኦሮምኛ ቢርቢርሳ፣ ነጣ ያለ ቢጫና ለስላሳ ነው፤ ሚስማር በደንብ ይይዛል፣ ምስጥና ነቀዝ ግን በቀላሉ ያጠቁታል። የአገር ጥድ፣ በኦሮምኛ ጋቲራ፣ ቀላ ያለና ሽታው የማይጠፋ፣ ምስጥንም የሚቋቋም ነው፤ ጉድለቱ ሚስማር ሲመታበት መሰንጠቁ ነው። በጊንጪ አቅራቢያ ያለው የጭሊሞ ደን ዛሬም ጥድ፣ ዝግባና ወይራ በአንድነት የሚታዩበት ነው። አንድ ቡፌ ከአንድ ዓይነት እንጨት ብቻ መሠራቱ ግን ብርቅ ነው፤ ፊቱ ዋንዛ፣ ጀርባውና የመሳቢያው ወለል ዝግባ ወይም ኮምፔርሳቶ መሆኑ የተለመደ ስለሆነ እንደ ማጭበርበር አይቆጠርም።

ለማነጻጸር ያህል፣ በፈረንሳይ የዋንዛን ቦታ የያዘው ኦክ የሚባለው ጠንካራ ዛፍ ነው። የንጉሥ ሉዊ 14ኛ ሚኒስትር የነበረው ኮልቤር እ.ኤ.አ. በ1669 የደን ሕግ ያስወጣው ለባሕር ኃይሉ መርከቦች የሚሆን እንጨት እንዳይጠፋ በማሰብ ነበር፤ መርከቡ ወደ ብረት ከተለወጠ በኋላ የተረፈው ደን ለወይን በርሜልና ለቤት ዕቃ ሆነ፣ በኖርማንዲና በብሪታኒ ገጠሮች የተሠሩት የኦክ ቡፌዎችም ዛሬ ከአገራቸው ውጭ ጭምር ገዢ አላቸው። ኦክ ከዋንዛ ይከብዳል፣ ይጠነክራልም፤ ለጥሩ ጣውላ እስኪደርስ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ይፈጃል። ዋንዛ ከዚያ እጅግ ባነሰ ጊዜ ይደርሳል፤ እንዲህ ሆኖም ሳለ የፈረንሳዩ ገዢ አዲስ ኦክ በገበያ ሲያገኝ የምዕራብ ሸዋው አናጺ ወፍራም የዋንዛ ጣውላ ማጣቱ፣ የዛፉ ጠባይ ሳይሆን ተክሎ የመተካት ልማድ አለመጠንከሩ ያመጣው ነው ቢባል ስህተት አይሆንም።

የዋንዛን ማነስ ሕጉም ያሳያል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን ጥበቃ፣ ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 94/1986 ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና የአገር ጥድ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ ከልክሏል፤ በኋላም በ1999 እና በ2010 ዓ.ም. የወጡ የደን አዋጆች ተክተውታል፣ የደን ውጤትን ከቦታ ወደ ቦታ ለማጓጓዝ ፈቃድ የሚጠየቅበት አሠራርም ቀጥሏል። ስለዚህ አዲስ የዋንዛ ቡፌ የሚያዝዝ ሰው ጣውላው ከማን ማሳ እንደተቆረጠና በምን ወረቀት እንደተጓጓዘ ቢጠይቅ ተገቢ ነው፤ የቆየ ዕቃ የሚገዛ ግን ከብዙ ዓመታት በፊት በተቆረጠ ዛፍ ስለሚገለገል አዲስ ዛፍ አያስቆርጥም።

ቡፌን ለመመርመር ከፊቱ ይልቅ ጀርባው፣ ከጀርባውም ይልቅ መሳቢያው ይበልጣል፤ ምክንያቱም ፊቱ ተጠርጎና ቫርኒሽ ተቀብቶ፣ አናቱም ዳንቴል ለብሶ ስለሚቀርብ ነው። የዳንቴሉን መነሣት መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ከሥሩ የትኩስ ጀበና ክብ ምልክት፣ የውኃ እድፍ ወይም የቴሌቪዥን ክብደት ያጎበጠው ጣውላ ሊገኝ ይችላል። ቀጥሎ መሳቢያው ሙሉ በሙሉ ተስቦ ይወጣና ተገልብጦ ይታያል። የጎኑና የፊቱ ጣውላ በሚስማር ብቻ ተመትቶ ከሆነ ሥራው የችኮላ ነው፤ ሁለቱ ጣውላዎች ጥርስ ወጥቶላቸው አንዱ በሌላው ውስጥ ገብቶ በኮላ ከተያዙ ግን አናጺው ጊዜ ወስዷል ማለት ነው። የእግሩና የወለሉ መጋጠሚያም እንዲሁ ወንዴና ሴቴ፣ ማለትም የአንዱ ጫፍ እንደ ምላስ ተቀርጾ በሌላው ላይ በመሮ በተቦረቦረ ጉድጓድ የሚገባበት፣ መሆኑ ይፈተሻል። በመሳቢያው ወለል ሥር በእጅ መላጊያ የተሠራ ጣውላ ላይ ጣት ሲሄድ ለዓይን የማይታይ ወጣ ገባ ይሰማል፤ በማሽን የተላገ ከሆነ ደግሞ ጠፍጣፋ ወይም በእኩል ርቀት የተደረደረ ጥቃቅን ሞገድ ይኖረዋል። የብሎኑ ራስም ይመሰክራል፤ የመስቀል ቅርጽ ያለው ብሎን በዓለም ገበያ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ወዲህ በመሆኑ፣ በሁሉም ማጠፊያ ላይ እርሱ ብቻ ያለበት ቡፌ «የጣልያን ጊዜ ነው» ቢባል ማጠፊያው በኋላ መለወጡን ሻጩ ማስረዳት ይኖርበታል።

የመስቀለኛ ቁራጭን፣ ማለትም ጣውላው በወርዱ የተቆረጠበትን ጫፍ፣ ማየት ከሁሉ ይልቃል። በሙሉ እንጨት ላይ በገጽታው የታየው መስመር በጫፉም ዞሮ ይቀጥላል፤ ቬኒር በሚባለው ስስ የእንጨት ልጣጭ በተሸፈነ ዕቃ ላይ ግን መስመሩ ጠርዝ ላይ ይቋረጣል፣ ከሥሩም የመጋዝ ብናኝና ሙጫ ተጨምቆ የተሠራው ችፑድ ይታያል። ችፑድ ውኃ ከጠጣ ያብጥና ይፈራርሳል፣ ከፈረሰም ብሎን አይይዝም። የፈረንጅ ጥድ ጠቆር ያለ ቀለም ተቀብቶ «ዋንዛ ነው» ተብሎ ሊቀርብም ይችላል፤ መሳቢያው ውስጥ ቀለም ያልደረሰበትን ቦታ በጥፍር ጫን ቢሉት ለስላሳነቱና ጉጦቹ ያጋልጡታል።

ከዚህ በኋላ የሚፈተሸው ሕመሙ ነው። ምስጥ ከወለል ስለሚነሣ ቡፌው ጋደም ተደርጎ የእግሩ መርገጫ ይታያል፤ የጭቃ መስመር ካለ፣ ወይም በቁልፍ ሲወጋ ቁልፉ ያለ ችግር ከገባ፣ ውስጡ ተበልቷል። የነቀዝ ቀዳዳ በራሱ አያስፈራም፣ ብዙ ጊዜ የቆመ ጉዳት ነው፤ ከቀዳዳው ሥር ነጣ ያለ ትኩስ ዱቄት የሚራገፍ ከሆነ ግን ነቀዙ በሥራ ላይ ስለሆነ ወደ ቤት ሲገባ ወደ ሌላውም ዕቃ ይደርሳል።

የግዢው ወቅትም ይታሰብበታል። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ በርዝመቱ ሳይሆን በወርዱ ይሰፋል፣ ሲደርቅም እንዲሁ በወርዱ ይጠብባል፤ የምዕራብ ሸዋ ዋና ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ስለሚወርድ በሐምሌ የሚያስቸግር መሳቢያ በጥር እንደ ልብ ሊንሸራተት ይችላል። በበጋ ተገዝቶ ገና በዚያው ወቅት የሚጣበቅ መሳቢያ ግን በክረምት ጨርሶ አይከፈትም። ብልህ ገዢ በሐምሌ የተጣበቀን መሳቢያ የዋጋ መቀነሻ ያደርገዋል እንጂ በመላጊያ ለማስላግ አይቸኩልም።

የቆዩ ዕቃዎች በጉደርና በአምቦ የሚገኙት በአብዛኛው ውርስ ሲከፋፈል፣ ሠራተኛ ሲዘዋወር ወይም ቤተሰብ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ነው፤ መሥሪያ ቤቶች ያረጁ ጠረጴዛዎችና ቁም ሣጥኖች በጨረታ ሲያስወግዱ የሚለጠፈውን ማስታወቂያ የሚያነብ ሰውም አልፎ አልፎ ዕድል ይገጥመዋል። በአዲስ አበባ ደግሞ የመርካቶው ምናለሽ ተራ አለ፤ ምርጫው ሰፊ ነው፣ የዕቃው ታሪክ ግን ከባለቤቱ ጋር ቀርቷል። ከቤት የሚገዛ ሰው ዕቃውን ያሠራውን ሰው፣ አናጺውንና ዘመኑን ሊጠይቅ ስለሚችል በዚህ በኩል የገጠሩ ከተማ ይሻላል፤ የመጫኛውን የአይሱዙ ዋጋ አስቀድሞ ማስላት፣ መስታወቶቹን አውጥቶ ለብቻ መጠቅለል፣ ሻጭና ምስክር የፈረሙበት የሽያጭ ወረቀት መያዝም አይከፋም።

በውጭ አገር የሚኖር ዘመድ ወስዶ ሊያስቀምጠው የሚፈልገው እጅግ የቆየ ሣጥን ወይም ወንበር ሲሆን ጉዳዩ ይለወጣል፤ ቅርስን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ ከአገር እንዳይወጣ ስለሚከለክል፣ ዕቃው ከመጓዙ በፊት ለቅርስ ባለሥልጣኑ አሳይቶ ማረጋገጫ መቀበል ያስፈልጋል።

አንዴ ከተገዛ በኋላ የሚፈጸመው የተለመደ ጥፋት ወደ እንጨት ሥራ ቤት ወስዶ በማሽን አስፍቆ አዲስ ማስመሰል ነው፤ በዘመን ብዛት የጠቆረው የዋንዛ ቆዳ ከሁለት ሚሊ ሜትር ሳይበልጥ ተልጎ ቢወሰድ እንኳ ፈዛዛው አዲስ እንጨት ይወጣል፣ የቀድሞው ቀለም ዳግመኛ የሚመጣውም ከዓመታት በኋላ ነው። እርጥብ ጨርቅ፣ ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀትና ስስ ቫርኒሽ ለአብዛኛው ቡፌ ይበቃሉ። የጎደለ እጀታ፣ የተሰነጠቀ መስታወት፣ የላላ ማጠፊያ ሁሉ በአንድ ቀን ሥራ ይስተካከላሉና ከግዢ ሊያስቀሩ አይገባም፤ እግሩ በምስጥ የተበላ ወይም ሆዱ ችፑድ የሆነ ቡፌ ግን የቱንም ያህል ቢረክስ አይገዛም።