በጊቤ ሸለቆ ወፍና ቢራቢሮ ማየት

ጊቤ ሸለቆ ብሔራዊ ፓርክ በጉራጌ ዞን፣ ከወልቂጤ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ይገኛል። ስፋቱ 360 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ብዙ ጎብኚ የሚመጣው አጋዘንና ጉማሬ ፍለጋ ነው፤ ቀስ ብሎ በእግሩ ለሚሄድ ሰው ግን ሸለቆው ሳይሰስት የሚያሳየው ወፍና ቢራቢሮ ነው።

ጉዞው ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ቢጀመር ይመረጣል። ወፎች የሚዘምሩትና የሚለቅሙት ሙቀቱ ሳይበረታ ነው፤ ረፋዱ ላይ ጥላ ይገባሉ። ጥሩ አስጎብኚ መጀመሪያ ያዳምጣል፤ ባይናኩላሩን የሚያነሳው ድምፁ ከየት እንደመጣ ከለየ በኋላ ነው። ሾላ ባፈራበት ወቅት ደግሞ መዞርም አያስፈልግም፤ ዛፉ አጠገብ ዝም ብሎ መቆም ይበቃል።

በመስከረም ሁሉም የሚጠይቀው የመስቀል ወፍን ነው። ስሙ በየአካባቢው ለተለያዩ ወፎች ይሰጣል። ከእነዚህ አንዱ ምንቃሩ ቀይ፣ አካሉ ጥቁርና ነጭ፣ ጅራቱ ከገላው የሚረዝም ትንሽ ወፍ ነው። ዓመቱን ሙሉ ጠፍቶ ለበዓሉ የሚመጣ ይመስላል እንጂ የትም አይሄድም። (ለመስቀል አገሩ የሚገባው ጉራጌው ነው፤ ወፉስ መች ወጣና!) የመራቢያው ወቅት ሲያልፍ ወንዱ ረጅም ጅራቱን ይጥልና እንደ ሴቷ ቡናማ ዥንጉርጉር ይሆናል፤ ያኔ ድንቢጥ ይመስላል። ዝናቡ ሣሩን አብቅሎ ዘር ሲበረክት እንደገና ያጌጣል። ሴቷ ጎጆ አትሠራም፤ እንቁላሏን ሌላ ትንሽ ወፍ ጎጆ ውስጥ ጥላ ትሄዳለች፣ ጫጩቶቹንም የምታሳድገው ባለጎጆዋ ናት።

3 ሰዓት ገደማ ተራው የቢራቢሮ ነው። ቢራቢሮ የሚሞቀው በፀሐይ ስለሆነ ብርድ ላይ መብረር ያቅተዋል። ድንጋይ ላይ ክንፉን ዘርግቶ ሲሞቅ፣ ጥላ ሳይጥሉበት ጠጋ ብሎ ማየት ይቻላል። ወንዝ ዳር፣ እርጥብ አሸዋ ላይ የሚሰበሰቡት በአብዛኛው ወንዶቹ ናቸው፤ ከውሃው የሚፈልጉት ጨዉን ነው። ጦቢያ በበቀለበት ብርቱካንማ፣ የክንፉ ጫፍ ጥቁር ሆኖ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት ቢራቢሮ አይታጣም። አባጨጓሬው የጦቢያውን መርዝ ሊያከማች ስለሚችል፣ አንዴ የቀመሰው ወፍ ሁለተኛ አይነካውም። መርዝ የሌላት የሌላ ዝርያ ሴት ይህንኑ መልክ ይዛ ከወፍ ታመልጣለች፤ ሁለቱን በበረራ ላይ መለየት ልምድ ላለውም ያስቸግራል።

ሸለቆው ድረስ መሄድ ያልቻለ የቡታጅራ ሰው ጓሮው ካለ ሎሚ ወይም ብርቱካን ሊጀምር ይችላል። ጥቁርና ቢጫው ትልቅ ቢራቢሮ እንቁላሉን የሚጥለው እዚያ ነው። አባጨጓሬው ትንሽ ሳለ የወፍ ኩስ ይመስላል፤ ሲያድግ አረንጓዴ ይሆናል። ሲነኩት ከጭንቅላቱ ኋላ ሹካ የመሰለ ብርቱካንማ ቀንድ ብቅ አድርጎ መጥፎ ሽታ ይለቃል። ቅጠል በላ ተብሎ መድኃኒት ይረጭበታል፤ ጥቂት አባጨጓሬ ግን ያደገ ዛፍ አይጎዳም፣ ችግኝ ላይ ከበዛም በእጅ መልቀም ይበቃል።