ማጅራት ገትር፦ አንገት እስኪገተር አይጠበቅም

የዚህን በሽታ አንዱን ምልክት ስሙ ራሱ ይናገራል። ማጅራትን ይገትራል፤ በሽተኛው አገጩን ከደረቱ አስነካ ቢባል አይሆንለትም። ነገር ግን ይህ ምልክት አንዳንዴ ዘግይቶ ይመጣል፤ በጨቅላ ሕፃናት ላይ እንዲያውም ጨርሶ ላይታይ ይችላል። «አንገቱ ይታጠፋል፣ እንግዲህ ማጅራት ገትር አይደለም» ብሎ በሽተኛን ማሳደር አደገኛ ነው የምንለው ስለዚህ ነው።

በሽታው የሚደርሰው አንጎልንና ሕብለ ሠረሠርን የሸፈነው ስስ ሽፋን ሲቆጣ ነው። መንሥኤዎቹ ልዩ ልዩ ናቸው፤ በአገራችን ወረርሽኝ ሆኖ ሲነሣ የቆየው በዋናነት ሜኒንጎኮከስ በተባለው ባክቴሪያ ነው። ከጤነኞች መካከል ከአሥሩ አንዱ ያህል ይህን ባክቴሪያ በጉሮሮው ይዞ ይዞራል። እሱ ምንም አይሆንም፤ በሳል፣ በማስነጠስና በምራቅ ግን ለሌላው ያቀብላል። ተደራራቢ አልጋ የሞላበት፣ ብርድ ፈርተን መስኮቱን ጥርቅም የምናደርግበት መኝታ ቤት ታዲያ ለዚህ የተመቸ ነው።

ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ የተዘረጋውን ምድር ፈረንሳዊው ሐኪም ላፔሶኒ እ.ኤ.አ. በ1963 «የማጅራት ገትር መቀነት» ብሎታል። ወረርሽኙ የሚበረታው ከታኅሣሥ እስከ ሰኔ ነው፤ ደረቅ ነፋስና አቧራ የጉሮሮን ውስጥ ይጎዳሉ፣ የሌሊቱ ብርድም ሰውን አንድ ቤት ያጭቀዋል። ዝናብ ሲጥል ጋብ ይላል። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1981 እና በ1989 የደረሱት ወረርሽኞች እያንዳንዳቸው ከ40,000 በላይ ሰው አሳመዋል።

ድንገተኛ ትኩሳት፣ ከባድ ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ ብርሃን መጥላት፣ መቃዠት፦ እነዚህ ሲታዩ እኛ ዘንድ ምን ይባላል? «ምች መታው» ወይም «ወባው ተነሣበት»። ዳማከሴ ይታሻል፣ ብርድ ልብስ ይደረባል፣ «እስከ ነገ እንየው» ይባላል። ዳማከሴን መናቃችን አይደለም፤ ይህ በሽታ ግን በአንድ ቀን ሊገድል ይችላል። ካልታከመ ከሁለት በሽተኞች አንዱ ይሞታል። ሕክምና አግኝተውም እንኳ ከመቶ ከ8 እስከ 15 የሚሆኑት አይተርፉም። ሲጫኑት የማይጠፋ ቀይ ወይም ሐምራዊ ነጠብጣብ በቆዳ ላይ ከታየ ጭራሽ ጊዜ የለም። በጥቁር ቆዳ ላይ ስለማይጎላ መዳፍን፣ ውስጥ እግርንና የዓይን ቆብን ገልጦ ማየት ያስፈልጋል። ሌሊትም ቢሆን ዘበኛውን ቀስቅሶ በሽተኛውን ጤና ጣቢያ ማድረስ ነው፤ እንደ ሴፍትሪአክሶን ያለው መርፌ ሕይወት የሚያድነው ቶሎ ሲሰጥ ነው። አብረውት የሚተኙትና በአንድ ኩባያ የጠጡትም ሐኪም ካዘዘ የመከላከያ መድኃኒት ይወስዳሉ። ከገበያ በግምት ገዝቶ መዋጥ ግን አይገባም።

ክትባቱን በተመለከተ፣ ለአፍሪካ ተብሎ የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ2010 በቡርኪና ፋሶ የተጀመረው ክትባት እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በኢትዮጵያም ከ1 እስከ 29 ዓመት ላሉት በዘመቻ ተሰጥቷል። «ኤ» የተባለውን ዝርያ ከመቀነቱ ጠራርጎታል ማለት ይቻላል። ሆኖም «ሲ»ን፣ «ደብሊው»ንና «ኤክስ»ን አይከላከልም፤ «እኔ ተከትቤአለሁ» ብሎ ትኩሳትን ችላ ማለት አያዋጣም። አምስት ዝርያዎችን የሚከላከለውን አዲሱን ክትባት በዘመቻ በመስጠት ናይጄሪያ እ.ኤ.አ. በ2024 ቀዳሚ ሆናለች።

አንድ ነገር ደግሞ በተለይ ለእጩ መምህራን። ከበሽታው ከዳኑት ከመቶ ከ10 እስከ 20 የሚሆኑት መስማት አለመቻልን የመሰለ ጉዳት ይቀርባቸዋል። ታሞ ሰንብቶ ወደ ክፍል የተመለሰ ልጅ ሲጠሩት ዝም ካለ፣ ትእዛዝ ከሳተ፣ ከመቆጣት በፊት ከፊት ወንበር አስቀምጡት፤ ወላጆቹንም ጠርታችሁ ጆሮውን እንዲያስመረምሩለት ንገሩ።