የገበሬው ደብዳቤና የግብፅ ልብ ወለዶች

ከቦሌ ሆነን ወደ ሰሜን ስንመለከት እንጦጦ ይታየናል። በክረምት እዚያ ተራራ ላይ የሚጥለው ዝናብ ሁለት መንገድ አለው። በእኛ በኩል የሚወርደው ቀበናን ይዞ፣ አቃቂን ይዞ አዋሽ ይገባል። አዋሽም ባሕር ሳይደርስ አፋር በረሃ ውስጥ ይቀራል። ከተራራው ጀርባ በሱሉልታ በኩል የሚወርደው ግን ወደ ሙገር ይሄዳል። ሙገር ዓባይ ይገባል፤ ዓባይም ሱዳንን አቋርጦ ግብፅ ይደርሳል።

ዛሬ የምናወራው ስለ ውሃው አይደለም፤ ውሃው ስለሚደርስበት አገር ስለ ተጻፉ ልብ ወለዶች ነው። አገሩ ሩቅ ቢመስልም ከቦሌ በአውሮፕላን ወደ 4 ሰዓት ቢወስድ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የውጭ አገር በረራ ሲያደርግ የሄደው በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ነበር። ያን ጊዜ ቦሌ ገና የአውሮፕላን ማረፊያ አልነበረም፤ አውሮፕላኑ የተነሣው ከልደታ ነው።

ለመሆኑ ልብ ወለድ ማለት ምን ማለት ነው? ጸሐፊው ከልቡ አፍልቆ የሚጽፈው ታሪክ ነው። ሰዎቹ በእውነት ያልነበሩ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ጠባያቸውና ኑሯቸው ግን የእውነተኛ ሰው ነው። «ታዲያ ውሸት አይደል?» የሚል ይኖራል። ተረትም እኮ እንደዚያው ነው፤ ሆኖም ማንም አይንቀውም። ከልብ ወለድ አንዱ ዓይነት የወንጀል ምርመራ ታሪክ ነው። ሰው ይገደላል፣ ወይም ንብረት ይጠፋል። አንባቢውም «ማነው ያደረገው?» እያለ ከመርማሪው ጋር ይጓዛል።

ይህ ለኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ሽማግሌዎቻችን አውጫጭኝን ወይም አፈርሳታን ያውቃሉ። ከብት ሲሰረቅ ወይም ሰው ተገድሎ ሲገኝ የአገሩ ሰው ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ያየ የሰማ እስኪናገር ድረስ ወደ ቤት መሄድ የለም። አጋታ ክሪስቲ የምትባል እንግሊዛዊት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1937 ያሳተመችው «ሞት በዓባይ ላይ» የተባለ መጽሐፍ ልክ እንደዚሁ ነው። አንዲት ባለጠጋ ሙሽራ ግብፅ ውስጥ በመርከብ ስትሄድ በጥይት ተመትታ ትሞታለች። ገዳዩ ከዚያው ከመርከቡ ሰው አይወጣም። ስለዚህ መርማሪው ተሳፋሪዎቹን አንድ በአንድ እየጠራ ይጠይቃል። ሜዳው መርከብ ሆነ እንጂ ነገሩ ያው አውጫጭኝ ነው።

በአማርኛም ስለ ግብፅ የሚነበብ አለ። ማሞ ውድነህ «የካይሮ ጆሮ ጠቢ» የተባለ የስለላ መጽሐፍ አቅርበውልናል። ጆሮ ጠቢ ማለት ሰላይ ነው። እሳቸው በ2004 ዓ.ም. ዐርፈዋል፤ የስለላ መጻሕፍቶቻቸውን ግን ብዙ ሰው እየተዋሰና እየተቀባበለ አንብቧቸዋል።

ስለ ጥንት ግብፅ የሚተርኩት ልብ ወለዶች አብዛኞቹ የንጉሥ፣ የወርቅና የመቃብር ታሪክ ናቸው። እውነቱን ለመናገር እኛ በዚህ ብዙ አንደሰትም። ያን ሁሉ ድንጋይ የጠረበውና የጎተተው ሰው ስሙ አይነሣማ! ስለዚህ ገበሬ ያለባቸውን ሁለት ታሪኮች መርጠንላችኋል።

የመጀመሪያው የሚነሣው ከደብዳቤ ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1921 እና በ1922 ኸርበርት ዊንሎክ የተባለ አሜሪካዊ ከባልደረቦቹ ጋር ሉክሶር በሚባለው አገር የጥንት መቃብር ሲቆፍር ደብዳቤዎች አገኘ። የተጻፉት ከደንገል በተሠራ ወረቀት ላይ ነው። ደንገል የጣና ሰዎች ታንኳ የሚሠሩበት ተክል ነው፤ የግብፅ ሰዎች ደግሞ እየሰነጠቁና እያጣበቁ ወረቀት ያደርጉት ነበር። ደብዳቤዎቹ 4 ሺህ ዓመት ያህል ይሆናቸዋል። የጻፋቸው ንጉሥ አይደለም፤ ሄቃናክት የሚባል መሬትና ከብት ያለው ሰው ነው።

ሄቃናክት ለሥራ ከቤቱ ርቆ ሄዷል። ዘመኑ የረሃብ ዘመን ነው። የግብፅ እርሻ በዓባይ ሙላት ይጠጣ ነበር፤ ሙላቱ ደግሞ በአብዛኛው ከኛ አገር የክረምት ዝናብ ይመጣል። እዚህ ሰማዩ ሲጨክን እዚያ ማሳው ይደርቅ ነበር ማለት ነው። ሰውዬው ታዲያ እርሻውን ለሚጠብቅለት ለመሪሱ ምን ብሎ ጻፈ? የቱን መሬት እንደሚከራይ፣ በምን እንደሚከፍል ያዝዘዋል። ከእናቱ ጀምሮ ለቤተሰቡ ለእያንዳንዱ ሰው ስንት ገብስ እንደሚሰፈርለት ስም እየጠራ ይዘረዝራል። ቀጥሎ ይቆጣል። ለእሱ ያረጀ፣ የደረቀ ገብስ ልከውለት እነሱ አዲሱን እየበሉ ኖሯል! ስኔፍሩ የተባለውን ትንሹን ልጅ ግን እንዳያስከፉት፣ የጠየቀውን እንዲሰጡት ይለምናል። አዲሲቱን ሚስቱን ያስቀየመችውን ሠራተኛ ደግሞ ዛሬውኑ ከቤት አስወጡ ይላል። ይህን ስንሰማ ደብዳቤው ከኮተቤ ወይም ከገርጂ የተላከ መሰለን።

አጋታ ክሪስቲ እነዚህን ደብዳቤዎች መሠረት አድርጋ በ1944 አንድ ልብ ወለድ አወጣች። ሚስቱ የሞተችበት አባት ወጣት እቁባት ይዞ ወደ ቤቱ ይመጣል። ልጆቹና ምራቶቹ «ውርሳችን ሊሄድ ነው» ብለው ይሰጋሉ። እቁባቲቱም ከገደል ሥር ሞታ ትገኛለች። ወድቃ ነው ወይስ ተገፍታ? ከዚያ በኋላ ሌላ ሞት፣ ደግሞም ሌላ ሞት ይከተላል። ገዳዩን አንነግራችሁም፤ የሰው ደስታ ማበላሸት ይሆናል። በውርስ ምክንያት ወንድማማች ሲጣላ ያየ ሰው ግን መጽሐፉን በቀላሉ ይረዳዋል። አንድ ቅሬታ አለን፤ ደራሲዋ ገብሱን ትታ ሬሳውን አብዝታዋለች። ለኛ ደብዳቤው ይበልጥብናል።

ሁለተኛው የዘመናዊት ግብፅ ታሪክ ነው። የጻፈው ግብፃዊው ተውፊቅ አልሐኪም ሲሆን መጽሐፉ በ1937 ታተመ። እሱ ራሱ በገጠር ዓቃቤ ሕግ ሆኖ ሠርቷል። በመጽሐፉ ውስጥ አንድ ሰው በሌሊት በጥይት ይመታል። ዓቃቤ ሕጉ ከእንቅልፉ ተነሥቶ ይሄዳል፤ ቃል ይቀበላል፤ ገጽ በገጽ ላይ ይጽፋል። በመካከሉ ገበሬዎች ፍርድ ቤት ይቀርባሉ። አንዱ ልብሱን በመስኖው ቦይ አጥበሃል ተብሎ ይቀጣል። ሌላ ውሃ ከየት ያመጣል? ሕጉ ከአውሮፓ የተቀዳ ነው፤ ገበሬው ስለ መኖሩ እንኳ አልሰማም። ይፈረድበታል፣ ይጻፋል፣ ቀጣዩ ይጠራል። በመጨረሻም የግድያው መዝገብ ገዳዩ ሳይታወቅ ይዘጋል። ወረቀቱ ሁሉ ተሟልቷል፤ የጎደለው ገዳዩ ብቻ ነው።

እኛ ይህን ስናነብ ሳቅን፤ ወዲያው ደግሞ ሳቁ ጠፋብን። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ዓ.ም. ሲጀመር ስንቶቻችን ነበርን ምን እንደሚል ባላወቅነው ወረቀት ላይ አውራ ጣታችንን የምንጭን? ራፖር ጸሐፊው ያነበበልንን ማመን እንጂ ሌላ ምን ምርጫ ነበረን?

እንዲህ ያለ መጽሐፍ እጃችሁ ሲገባ የባዕድ ስም ያስቸግራችኋል። በደብተራችሁ ጀርባ «እገሌ፣ የእገሌ ልጅ» እያላችሁ ጻፉት፤ ዝምድናው ከጠፋባችሁ ታሪኩም ይጠፋችኋል። ማታ ማታ አንድ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ለቤተሰቡ ቢያነብ ደግ ነው። ምዕራፉ ሲያልቅ ሁሉም የጠረጠረውን ሰው ይናገር። የመጨረሻውን ገጽ ቀድሞ የሚገልጥ ግን አውጫጭኙን ጥሎ እንደ ሄደ ይቆጠራል!

ስለ ሄቃናክት ደብዳቤዎች አንድ ነገር ቀርቶናል። ከመካከላቸው አንዱ ሲገኝ እንደ ታጠፈ፣ በክር እንደ ታሰረና በጭቃ ማኅተም እንደ ታተመ ነበር። የተጻፈው ለአንድ ሹም ነው። ሄቃናክት ለሰዎች ያበደረውን ገብስና ስንዴ መልእክተኞቹ ሲሰበስቡ ሹሙ እንዲረዳቸው ይጠይቃል። ማኅተሙ 4 ሺህ ዓመት ያህል ሳይፈታ ቆየ። ሹሙ ደብዳቤውን አላነበበውም፤ ያ እህል ይሰብሰብ አይሰብሰብ የሚነግረን የለም።