በአክሲዮን የሚከፈል ዕዳ

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 26 ቀን 2008፣ እሑድ ነበር። የጀርመኑ መኪና አምራች ፖርሽ ባወጣው መግለጫ ከሌላው የአገሩ መኪና አምራች ከቮልስዋገን አክሲዮን 42.6 በመቶውን እንደያዘ፣ በሌላ 31.5 በመቶ ላይ ደግሞ የኦፕሽን ውል እንዳለው አስታወቀ። 20 በመቶ የሚሆነው የታችኛው ሳክሶኒ ክፍለ ግዛት ድርሻ ነው፤ አይሸጥም። ገበያ ላይ የቀረው 6 በመቶ እንኳ አይሞላም። ዋጋው ይወርዳል ብለው አክሲዮን ተበድረው የሸጡ ሰዎች መመለስ ያለባቸው ግን ከዚህ በእጅጉ ይበልጥ ነበር። ዓርብ 210 ዩሮ አካባቢ የዋለው አክሲዮን ማክሰኞ ከ1000 ዩሮ አለፈ።

ተበድሮ መሸጥ፣ በገበያው ቋንቋ ሾርት ሴሊንግ፣ ለገጠር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። በክረምት ጤፍ ተበድሮ የሸጠ ገበሬ ዕዳው በጤፍ ነው። መኸር ገብቶ ዋጋው ከረከሰ በትንሽ ብር ገዝቶ ይመልሳል፤ ልዩነቱ ለእሱ ይቀራል። አዝመራው ከከዳ ግን ያንኑ ኩንታል በእጥፍም በሦስት እጥፍም ገዝቶ መመለስ አለበት።

አክሲዮኑም እንዲሁ ነው። በ100 ዶላር የሸጡት 60 ቢገባ 40 ይተርፋል። ኩባንያው ድራሹ ቢጠፋ እንኳ ከ100 በላይ አይገኝም፤ ወደ ላይ ግን ጣሪያ የለውም። 500 ቢገባ ኪሳራው 400 ነው። በዚህ መሀል የብድሩ ወለድ ይቆጥራል፤ ኩባንያው ትርፍ ካከፋፈለም ለአክሲዮኑ ባለቤት የሚከፍለው ተበዳሪው ነው። ከሁሉ የሚከፋው የደላላው ጥሪ ነው፦ መያዣህ አንሷል፣ ገንዘብ ጨምር። ካልጨመሩ እሱ ራሱ በዕለቱ ዋጋ ገዝቶ ሒሳቡን ይዘጋዋል። የቮልስዋገንን ዋጋ ያናረው ይኸው ነው፤ ዕዳውን ለመመለስ የሚገዛ ሁሉ ከኋላው ላለው ሰው ዋጋ ይጨምርበታል።

ኦፕሽን፣ ማለትም እስከ ተወሰነ ቀን በተወሰነ ዋጋ የመግዛት ወይም የመሸጥ መብት፣ ሌላ ጠባይ አለው። ቀብድ የከፈለ ቤት ገዢን ያስታውሳል፤ ሐሳቡን ቢቀይር የሚያጣው ቀብዱን ነው። ልዩነቱ፣ የኦፕሽኑ ክፍያ ከዋጋው ላይ አይታሰብም። በአሜሪካ ገበያ አንድ ውል ብዙውን ጊዜ 100 አክሲዮን ይሸፍናል። ዛሬ 100 ዶላር የሚያወጣን አክሲዮን በአንድ ወር ውስጥ በ110 የመግዛት መብት፣ ኮል የሚባለውን፣ ለእያንዳንዱ አክሲዮን 3 ዶላር ከፍለን ገዛን እንበል፤ 300 ዶላር ወጣ። ወሩ ሲያልቅ ዋጋው 112 ሆነ። ይጨምራል ያልነው ጨመረ፤ እኛ ግን 100 ዶላር ከሰርን። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል። አቅጣጫውን ማወቅ አይበቃም፤ መጠኑንና ቀኑንም ማግኘት ያስፈልጋል።

ያም ሆኖ የገዢው ኪሳራ ከ300 አያልፍም። አክሲዮኑ በእጁ ሳይኖር ያንን ኮል የሸጠው ሰው ግን ዋጋው 200 ቢገባ፣ የተቀበለው 300 ተቀንሶለት እንኳ 8700 ዶላር ይከስራል። ዋሽንግተንም ይሁን ዳላስ ተቀምጦ በስልኩ የሚነግድ፣ በደመወዙ የሚተዳደር ወገኔ ይህን ውል ባይነካው እወዳለሁ። ዋጋው ይወርዳል ብሎ የሚያምን ሰው ፑት የሚባለውን የመሸጥ መብት ቢገዛ የሚያጣው የከፈለውን ብቻ ነው፤ ገበያው ሲሸበር ግን ፑትም ይወደዳል።

ወደ ቮልስዋገን ስንመለስ፣ በዚያው ሳምንት ረቡዕ ዕለት ፖርሽ እስከ 5 በመቶ የሚደርስ የቮልስዋገን አክሲዮን የሚመለከቱ ውሎቹን እንደሚዘጋ ሲያስታውቅ ዋጋው በአንድ ቀን ወደ ግማሽ ገደማ ወረደ። ይወርዳል ያሉት ልክ ነበሩ፤ ማክሰኞ ለመግዛት የተገደዱት ግን ከፍለው ወጥተዋል።