ጠሪው ያልታወቀ ስህተት

አዲስ አበባ፣ ሀይሌ ጋርመንት አደባባይ አጠገብ ባለ ሱቅ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ፣ አንድ ሸማች በስልኩ ሊከፍል ሲሞክር «አልተሳካም» የሚል መልእክት መጣበት እንበል። በዚያችው ቅጽበት ክፍያውን የሚያስተናግደው ሰርቨር ሎግ በሚባለው መዝገብ ላይ አንዲት መስመር ያሰፍራል፤ ሰዓት 12:00፣ የስህተት ኮድ 500። ሰዓቱ የተለያየው ሰርቨሮች ብዙ ጊዜ የሚጽፉት በዓለም አቀፉ የጊዜ መለኪያ ስለሆነ ነው፤ እሱን ማስላት ቀላል ነው። ችግሩ መስመሩ ላይ የከፋዩ ማንነት አለመጻፉ ነው። ባለሙያው ምን እንደተበላሸ ያያል፤ በማን ላይ እንደደረሰ ግን አያውቅም።

«አይፒ አድራሻው አለ አይደል?» የሚል አይጠፋም። አይበቃም። የአይፒ ቨርዥን 4 አድራሻዎች በጠቅላላ 4.3 ቢሊዮን ገደማ ብቻ ናቸው። ስላልበቁም የሞባይል ኩባንያዎች ብዙ ደንበኞችን በአንድ የወል አድራሻ ያስተናግዳሉ፤ ለዚሁ አሠራር በ2012 እ.ኤ.አ. ራሱን የቻለ የአድራሻ ክልል ተመድቧል። ስለዚህ ሀይሌ ጋርመንት ያለው ሸማችና ጀሞ ታክሲ የሚጠብቅ ሰው በመዝገቡ ላይ አንድ ሰው ሊመስሉ ይችላሉ። ከሰርቨሩ ፊት ፕሮክሲ የሚባል አስተላላፊ ሰርቨር ካለ ደግሞ ጭራሽ የሚመዘገበው የፕሮክሲው አድራሻ ይሆናል።

ጠሪው፣ ማለትም ጥያቄውን ወደ ሰርቨሩ የላከው ወገን፣ ስለራሱ የሚልከው መረጃም ማስረጃ አይደለም፤ ማንም የፈለገውን መጻፍ ይችላል። በታኅሣሥ 2021 እ.ኤ.አ. ሎግ ፎር ጄይ በተባለው የመመዝገቢያ ሶፍትዌር ላይ የተገኘው ክፍተት ይህን በግልጽ አሳይቷል፤ ጠሪው የላከው ጽሑፍ ሎግ ላይ ሲሰፍር እንደ ትእዛዝ ይፈጸም ነበር።

መፍትሔው ማንነቱን መጀመሪያ ማረጋገጥ ነው። ጥያቄው እንደገባ የጠሪው ማረጋገጫ ቁልፍ ወይም ቶክን ይመረመራል፤ ከዚያ ሰርቨሩ ራሱ የደንበኛውን መለያ ይጽፋል፤ ካልተረጋገጠም «ያልተረጋገጠ» ብሎ ያሰፍራል። አንድ ክፍያ በበርካታ ሲስተሞች ስለሚያልፍ አንድ መከታተያ ቁጥር ከመነሻው እስከ መድረሻው አብሮት ይጓዛል። የዚህ ዓለም አቀፍ ደረጃ በ2020 እ.ኤ.አ. ጸድቋል።

ማንነት መመዝገቡ የሚጠቅመው እንዲህ ነው፤ መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ሲዛባ ደንበኞች በሒሳባቸው ያልነበረ ገንዘብ አወጡ፣ አስተላለፉም። ባንኩ በኋላ ገንዘቡን ያልመለሱትን ሰዎች ስምና የሒሳብ ቁጥር ይፋ ማድረግ የቻለው ዝውውሩ ከነባለቤቱ ተመዝግቦ ስለነበረ ነው። ያልተሳካ ክፍያም ያንኑ ያህል ጥንቃቄ ይገባዋል፤ ምክንያቱም ገንዘቡ ተቆርጦ ዕቃውን ያላገኘ ሰው ሊኖር ይችላል።

ማንነትን መመዝገብ ማለት ሁሉንም መጻፍ ማለት አይደለም። የይለፍ ቃል፣ ፒን ቁጥርና ቶክን ሎግ ውስጥ መግባት የለባቸውም፤ የውስጥ መለያ ቁጥር ይበቃል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ የሕግ ጉዳይም ሆኗል።

ሲስተም የምትሠሩ ወገኖች፣ መከታተያ ቁጥሩን ከ«አልተሳካም» ጋር ለደንበኛው አሳዩት። አንባቢም ቁጥሩ ሲመጣልዎ ሳያጠፉ ያስቀምጡት፤ አቤቱታዎን ከትክክለኛው መስመር ጋር የሚያገናኘው እሱ ነው።