ትኩሳት ያልሆነው ሙቀት፤ በማረጥ ወቅት ስለሚከሰተው ወላፈን



ሴቶች በማረጥ ዕድሜያቸው በድንገት የሚሰማቸውን የሙቀት ስሜት በዚህ ገለጻ ወላፈን እለዋለሁ። ላስረዳ የምሻውም አንድ ነጥብ ነው፤ ወላፈን ትኩሳት አይደለም። ልዩነቱ የምርመራንና የሕክምናን አቅጣጫ ስለሚወስን ከቃላት ያለፈ ነው።

በትኩሳት ጊዜ አንጎል የሰውነትን የሙቀት ልክ ከፍ ያደርጋል፤ ስለዚህ ታማሚዋ መጀመሪያ ብርድ ይሰማታል፣ ያንቀጠቅጣታልም። በወላፈን ጊዜ ሂደቱ የተገላቢጦሽ ነው። ሃይፖታላመስ የተባለው የአንጎል ክፍል ጥቂቱን የሙቀት ለውጥ እንደ ብዙ ቈጥሮ ሰውነትን ለማቀዝቀዝ ይነሣል። በቆዳ ሥር ያሉት የደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ ፊትና ደረት ይግላሉ፤ ላብ ይወርዳል። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ግን ሰውነት ሊያጣው የማይገባውን ሙቀት ስላስወጣ ብርድ ብርድ ይላታል።

ይህ የስሌት መዛባት ከየት ይመጣል? ኤስትሮጅን ሲቀንስ፣ በሃይፖታላመስ ውስጥ ኒውሮኪኒን ቢ የሚያመነጩ የነርቭ ሕዋሳት ልጓማቸው ይላላል፤ ከልክ በላይ ተነቃቅተውም የሙቀት መቆጣጠሪያውን ያውካሉ። የዚህን መልእክት ተቀባይ የሚዘጋው ፌዞሊኔታንት የተባለ ሆርሞን አልባ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ መፈቀዱ ለማብራሪያው ጠንካራ ድጋፍ ነው። ከሁሉ ይበልጥ ውጤታማ የሆነው የሆርሞን ሕክምና ግን የጡት ካንሰር ወይም የደም መርጋት ለገጠማቸው ሴቶች በአብዛኛው አይመከርም።

ችግሩ በቶሎ የሚያልፍ ነው ማለትም አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ ወላፈን በሚደጋገምባቸው ሴቶች ላይ የቆይታው መካከለኛ ርዝመት 7.4 ዓመት መሆኑን አሳይቷል።

ወደ አገራችን ስንመለስ ጉዳዩ ሁለት ስለት አለው። ሌሊት በላብ ተነክራ የምትነቃ የ50 ዓመት ሴት ወባ ሳይኖርባት የወባ መድኃኒት ልትወስድ ትችላለች። በአንጻሩ፣ የሌሊት ላብ የሳንባ ነቀርሳም ምልክት ስለሆነ፣ «ዕድሜ ነው» ተብላ ከተሸኘች በሽታው ሥር ይሰድዳል። ስለዚህ ተማሪዎቼን ሦስት ነገር አሳስባለሁ፤ የወር አበባዋን ሁኔታ ጠይቁ፤ ሙቀቷን በቴርሞሜትር ለኩ፤ ሳል፣ ክብደት መቀነስ ወይም እውነተኛ ትኩሳት ካለ ማረጥን ምክንያት አድርጋችሁ ምርመራውን አታቋርጡ።

ሴትየዋ «ተቃጠልኩ» ስትል የሚሰማት ስሜት እውነት ነው። ምንጩን መለየት የእኛ ድርሻ ነው።