ያልተነቀለው አሮጌ ኮድ

የሶፍትዌር ሥራ ፍጥነትን የሻ ሰው ጥንቃቄን፣ ጥንቃቄን የሻ ደግሞ ጊዜን ከፍሎ የሚያገኘው በመሆኑ፣ መሐንዲሶች «ይህን ለጊዜው እንተወው» ማለታቸው በራሱ ነቀፋ የለበትም፤ የተዉትን ነገር መርሳታቸው ግን ታላቅ ጥፋት ያመጣል።

ለዚህ ናይት ካፒታል የተባለው የአሜሪካ የአክሲዮን ደላላ ድርጅት በቂ ምስክር ነው። ድርጅቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2003 ጀምሮ የማይገለገልበትን «ፓወር ፔግ» የተሰኘ ኮድ ከሰርቨሮቹ ሳያስወግድ ኖሮ፣ በ2012 አዲስ ኮድ ሲያዘጋጅ ያንኑ አሮጌ ኮድ ይቀሰቅስ የነበረውን ምልክት ለአዲሱ አገልግሎት አዋለው። አዲሱን ኮድ የጫነው ሠራተኛ ከስምንቱ ሰርቨሮች አንዱን ዘለለው፤ ሥራውን የሚመረምር ሁለተኛ ሰው አልነበረም፣ እንዲኖር የሚያዝ የጽሑፍ ሥርዓትም አልተደነገገም። ኦገስት 1 ቀን ገበያው ሲከፈት በስምንተኛው ሰርቨር የተረሳው ኮድ ነቅቶ ያለ ልክ ይገዛና ይሸጥ ጀመር። ገበያው ሳይከፈት ስሕተቱን የሚጠቁሙ 97 ኢሜይሎች ለሠራተኞች ደርሰው ነበር፤ ሆኖም እንደ ማስጠንቀቂያ የተመለከታቸው አልተገኘም። በጭንቀት የተያዙት መሐንዲሶች አዲሱን ኮድ ከሰባቱ ሰርቨሮች ቢያነሡ፣ መድኃኒት የመሰላቸው መቅሠፍት ሆኖ አሮጌው በስምንቱም ላይ ሠለጠነ። በ45 ደቂቃ ውስጥ በተፈጸመው ግብይት የደረሰው ኪሣራ ከ460 ሚሊዮን ዶላር በለጠ።

ያን አንድ ሠራተኛ ብቻ መኰነን ፍርደ ገምድልነት ነው፤ በደሉ የአሠራሩ ነውና። ስለዚህ የቡድን አለቆች ሆይ፣ የማያገለግለውን ኮድ የምታስወግዱበትን ዕለት ዛሬውኑ በመርሐ ግብራችሁ ጻፉ፤ ሁለተኛ ዐይን ያላየውንም ሥራ ወደ ሰርቨር አትጫኑ።